ኔትወርክ ካርዱን የገደለው ማን ነው?

እኛ የ2001ን እንቁጣጣሽ አክብረን ገና አደይ አበባው ሳይጠወልግ፣ በሊኑክስ ዓለም አንድ ክፉ ወሬ ተነዛ። አዲሱን ከርነል ሊሞክሩ ኮምፒዩተራቸው ላይ የጫኑ ሰዎች ኔትወርክ ካርዳቸው እየሞተ ነው። “ሥራ አቆመ” አላልኩም፤ ሞተ ነው ያልኩት። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት አያነሳውም። የድሮውን ከርነል መመለስ አያነሳውም። ዊንዶውስ መጫን እንኳ አያነሳውም። (በፈረንጅ አቆጣጠር ወሩ ሴፕቴምበር 2008 ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ እንዳንደናገር።)

ከርነል ስትሉ በእናንተ ፕሮግራሞችና በብረቱ መሀል የተቀመጠውን ክፍል አስቡ። ሜሞሪ የሚያከፋፍለው፣ ለኪቦርዱም ለስክሪኑም ለኔትወርክ ካርዱም ትእዛዝ የሚያደርሰው እሱ ነው። በጥብቅ ካየነው “ሊኑክስ” የዚህ ክፍል ስም ብቻ ነው። ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ኦፕንሱዜ፣ ያኔ ደግሞ ማንድሪቫ የምንላቸው ከርነሉን ወስደው ዴስክቶፑን፣ ብሮውዘሩን፣ የቢሮ ፕሮግራሙን ጨምረው አንድ ላይ አሰናድተው የሚያወጡ ናቸው። ዲስትሮ ይባላሉ።

ችግሩ የሚመጣው ከቀኑ ነው። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ ይወጣል፤ 8.10 ማለት የ2008 አሥረኛው ወር ማለት ነው። ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ኦክቶበር 30። ከርነሉ ግን የራሱ ቀጠሮ አለው። ሊነስ ቶርቫልድስ አዲስ ሥራ የሚቀበልበት ሁለት ሳምንት ገደማ አለ፣ ከዚያ በኋላ ማረም ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ገደማ “ለመውጣት የታጨ” የሚባል ቅጂ ይወጣል። 2.6.27 ዘጠኝ እጩ ነበረው። ዲስትሮዎቹ ያለቀ ከርነል እስኪያገኙ ከጠበቁ ያረጀ ነገር ይዘው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ያላለቀውን ከርነል ያላለቀው ዲስትሮ ውስጥ ከትተው ሁለቱን ባንድ ላይ ያስሞክራሉ። ሁለት ሠርግ በአንድ ድንኳን!

የሚሞክረውስ ማን ነው? ወጥ የሠራች እናት ጨውን በመዳፏ የምትቀምሰው እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ነው። እዚህ ቀማሾቹ ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ኡቡንቱ “አልፋ 6” የተባለውን ቅጂ ሴፕቴምበር 18 ሲያወጣ፣ ፈቃደኞቹ አውርደው በገዛ ኮምፒዩተራቸው ላይ ጫኑት። ከማውረዳቸው በፊት “ሥራ የምትሠሩበት ማሽን ላይ አትጫኑ” የሚል ማስጠንቀቂያ ያነባሉ። ማስጠንቀቂያው የሚያስበው ፋይል ሊጠፋ ይችላል ብሎ ነው። ብረት ይበላሻል ብሎ ማን ያስባል?

የተጎዱት ካርዶች ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ካርዶች ናቸው። በዚያ ዘመን ላፕቶፖችና የቢሮ ዴስክቶፖች ውስጥ ሞልተው ነበር። እያንዳንዱ ካርድ መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ትንሽ ሜሞሪ አለው፤ የካርዱ ማክ አድራሻና የአሠራር መረጃው እዚያ ነው የሚቀመጠው። መታወቂያው ነው በሉት። ድራይቨሩ ሲነሳ መታወቂያውን ያነብባል፣ ድምሩን ያመሳክራል፣ ካልገጠመለት “ይሄ ልክ አይደለም” ብሎ ይተወዋል። የአዲሱ ከርነል ቀማሾች ያጋጠማቸው ይሄው ነው። መታወቂያው ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። ቀድሞ ቅጂ ያስቀመጠ ሰው መልሶ የመጻፍ ዕድል ነበረው፤ ግን የኔትወርክ ካርዱን ሜሞሪ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው ስንት ታውቃላችሁ?

ወሬው ከአንድ ሰፈር ብቻ አልመጣም። ከኦፕንሱዜ 11.1 ቤታም፣ ከማንድሪቫ 2009 የሙከራ ቅጂም፣ ከፌዶራም ተሰማ። የጋራቸው የሆነው ከርነሉ ነው፤ ስለዚህ የማንንም ዲስትሮ ለይቶ መክሰስ አልተቻለም። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግልጽ ነበር፤ ራሱ ድራይቨሩ፣ ማለትም የኢንቴል ፕሮግራመሮች። ካርዱ የነሱ፣ ኮዱም የነሱ። ቀጥሎ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ዞረ፤ የስክሪኑ ሥርዓት ሲወድቅ በሜሞሪ ላይ እየተንገዳገደ ካርዱን መትቶት ይሆን? ሁለቱም መላምት አሳማኝ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነበር።

ምርመራውን ከባድ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ከርነል ላይ የገባ ስህተት የሚፈለግበት የታወቀ መንገድ አለ። በደህናው 2.6.26ና በታመመው 2.6.27 መካከል ሺዎች ለውጦች አሉ፤ መሀል ላይ ያለውን ወስዳችሁ ትሞክራላችሁ። ታመመ? ችግሩ ከፊተኛው ግማሽ ነው። ደህና ነው? ከኋለኛው ነው። እንደገና ለሁለት መክፈል፣ እንደገና። በአሥራ ምናምን ሙከራ ጥፋተኛው ለውጥ ይገኛል። እዚህ ግን “ታመመ” ማለት አንድ ካርድ ሞተ ማለት ነው። ሕመሙ ደግሞ ሁልጊዜ አይመጣም፤ አሥር ጊዜ አስነስታችሁ ምንም ሳይሆን በአሥራ አንደኛው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ “ደህና ነው” የሚለውን መልስ ማመን አይቻልም።

ገዳዩ ባይታወቅም ቀኑ አይቆምም። ኡቡንቱዎች የወሰዱት እርምጃ ቀላልና ጨካኝ ነው። ድራይቨሩን ከነአካቴው ዘጉት። በኦክቶበር መጀመሪያ የወጣው ቤታ እነዚያን ካርዶች ጭራሽ አያውቃቸውም፤ የካርዱ ባለቤት በገመድ ኢንተርኔት አያገኝም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ስድብ ያመጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የዚያን ወር ምርጡ ውሳኔ እሱ ነበር። ያኔ ካኖኒካል፣ የኡቡንቱ ኩባንያ፣ ሲዲ እያሳተመ ለጠየቀው ሁሉ በየአገሩ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር (እስከ 2011 ድረስ)። ታትሞ ፖስታ ቤት የገባ ሲዲ አይታረምም። ደግሞስ ኔትወርክ ካርዱ የሞተበት ሰው “መፍትሔውን ከኢንተርኔት አውርድ” ሲባል በምን ያውርደው? ያንን ሲዲ ከጓደኛው ተቀብሎ ቤቱ ላይ የሚጭን፣ ኢንተርኔት የሚያየው ኔት ካፌ ሄዶ ብቻ የሆነ የእኛ አገር ልጅ አስቡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያ ነበር የሚሆነው።

በከርነሉ በኩል ደግሞ መታወቂያው የሚጻፍበትን ቦታ የሚቆልፍ ኮድ ገባ፤ ማንም ይሁን ማን መጻፍ እንዳይችል። 2.6.27 በኦክቶበር 9 ይህን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ከስድስት ቀን በኋላ 2.6.27.1 ተከተለው፤ ይዞት የመጣው ነገር ከኔትወርክም ከግራፊክስም ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ መሣሪያ መዝጋት ነበር። ኤፍትሬስ ይባላል።

ኤፍትሬስ ያኔ አዲስ ነበር፤ በ2.6.27 ነው የገባው። ከርነሉ ውስጥ የትኛው ሥራ መቼ እንደተጠራ የሚከታተል የፕሮግራመሮች መሣሪያ ነው፤ ዋና ጸሐፊው ያኔ ሬድ ሃት ይሠራ የነበረው ስቲቨን ሮስተት ነው። መከታተያው እንዳይከብድ፣ በየኮዱ መግቢያ የተተከሉ ጥሪዎችን አድራሻ መዝግቦ ይይዛል፤ ቆየት ብሎ በመዝገቡ እየዞረ ጥሪዎቹን ወደ “ምንም አትሥራ” ይቀይራቸዋል። ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን ሲጀመር ብቻ ሠርተው የሚጣሉ የከርነል ክፍሎች አሉ፤ የያዙት ሜሞሪ ተለቅቆ ለሌላ ይሰጣል። መዝገቡ ግን አልተሰረዘም።

ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይሄ አይጠፋውም። የድሮው ተከራይ ለቆ ከሄደ ስንት ወር ሆኖታል፣ መዝገብ የያዘው ሰው ግን ስሙን እየጠራ በሩን ያንኳኳል። ያ አድራሻ አንዳንዴ አዲስ ለመጣ ተከራይ ይሰጣል፤ ለኔትወርክ ካርዱ መታወቂያ ማለት ነው።

ሮስተት ይህንን ጨርሶ አላሰበበትም ማለት አይደለም። ኮዱ ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል፤ “እዚህ ቦታ ላይ የማውቀው ጥሪ አለ? ከሌለ አልነካም።” የሚጠይቅበት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ያሰበውን ባያገኝም እንኳ ያነበበውን ያንኑ መልሶ ይጽፋል። ተራ ሜሞሪ ላይ ያለውን መልሶ መጻፍ ማንንም አይጎዳም። የካርድ ቺፕ ላይ ግን ማንኛውም ጽሕፈት ትእዛዝ ነው። እንግዳው “እገሌ አለ?” ብሎ ሲጠይቅ በሩን ገፍቶ ይከፍተው ነበር ማለት ነው።

ሮስተት ነገሩ እንዴት እንደተፈጠረ ራሱ በአደባባይ አስረድቶ፣ አሠራሩን በሌላ መንገድ ሠራው፤ አድራሻዎቹ ከርነሉ ሲጠናቀር አስቀድመው እንዲታወቁ ተደረገ። ኤፍትሬስ ዛሬም በከርነሉ ውስጥ አለ። ኡቡንቱ 8.10ም ድራይቨሩን መልሶ ይዞ በቀኑ፣ በኦክቶበር 30 ወጣ።

አዲስ ነገር ግን አልነበረም። በ2003 የፈረንሳዩ ማንድሬክ 9.2 ሲወጣ (ኋላ ስሙ ማንድሪቫ የሆነው ነው) አንዳንድ የኤልጂ ሲዲ ድራይቮች ሲጫንባቸው ሞቱ። ከርነሉ የላከው ትእዛዝ “የያዝከውን ጻፍና ጨርስ” የሚል፣ በደንቡ የታወቀ ትእዛዝ ነበር። ኤልጂ ግን ያንን ትእዛዝ ለሌላ ሥራ አውሎት ኖሯል፤ ድራይቩ “የውስጥ ፕሮግራምህን ቀይር” ተብሎ የታዘዘ መሰለው። ያንን ማንም ቀድሞ አልቀመሰውም፤ የተገኘው እንግዳው ከበላ በኋላ ነው።

ከ2008 በኋላም ቢሆን አልቆመም። ኡቡንቱ 17.10 በኦክቶበር 2017 ወጥቶ፣ በዲሴምበር የሚወርደው ፋይል ከገጹ ተነሳ፤ ኢንቴል ኤስፒአይ የተባለ ድራይቨር የአንዳንድ ላፕቶፖችን፣ በተለይ የሌኖቮን፣ ባዮስ እየቆለፈ ነበር። የባዮስ ቅንብር ቀይራችሁ አስቀምጡ ብትሉት እምቢ ይላል። ፈውሱ የ2008ቱ ነው፤ ድራይቨሩን ዘግቶ በጃንዋሪ 2018 እንደገና ማውጣት። ልዩነቱ ይሄኛው በሞካሪዎቹ ሁሉ መሀል ሹልክ ብሎ አልፎ ተራ ሰው ጋ መድረሱ ነው። ቺፑን የያዘ ላፕቶፕ ያለው ሞካሪም አሠራሩን ብቻ አይቶ “ይሠራል” ሊል ይችላል፤ ባዮሱን ገብቶ የሚነካ ማን አለ?

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዴቢያን ነው። ዲሴምበር 9፣ 2023 ዴቢያን 12.3 ሊወጣ ተሰናድቶ፣ ፓኬጆቹ ወደ ሰርቨሮች መድረስ ከጀመሩ በኋላ፣ ውስጡ ያለው ከርነል 6.1.64 ኤክስት4 በሚባለው የፋይል ሥርዓት ላይ መረጃ ሊያበላሽ እንደሚችል ታወቀ። ከአዲስ ከርነል ወደ ቆየው የተገለበጠ አንድ ማስተካከያ፣ አብሮት መምጣት የነበረበትን ሌላ ማስተካከያ ትቶ መጥቶ ነው። ዴቢያኖች “አፕዴት አታድርጉ” ብለው ለሰዉ አስታወቁ፣ የ12.3ን የመጫኛ ፋይሎች አስቀሩ፣ በማግስቱ 12.4ን አወጡ።