ነብርና ነሜር፦ አባቶቻችን ስለ ነብር አደን የሚያውቁት

በክርያት ያም የሚያድጉ ልጆቻችን «ሳፋሪ» ሲባሉ ትዝ የሚላቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የራማት ጋን የእንስሳት መናፈሻ ነው። ቃሉ ግን የስዋሂሊ ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው፤ ሥሩም ዓረብኛ ነው። አውሮፓውያንና አሜሪካውያን አዳኞች በምሥራቅ አፍሪካ ሲበዙ ቃሉ ለአደን የሚደረግን ጉዞ ማመልከት ጀመረ። በተለይም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመሩት የአደን ጉዞ ስሙን በዓለም አናኘው። በወገራ፣ በሰሜን፣ በደምቢያና በወልቃይት የኖሩ አባቶቻችን ነብርን ያወቁት በዚህ መንገድ አይደለም። ለእነርሱ ነብር ፍየል ሊነጥቅ በሌሊት የሚመጣ አስፈሪ ጎረቤት ነበር። ስለ ነብር አደን ብዙ የተነገረው ከገዳዩ ወገን በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፋችን የእረኛውንና የቀጥቃጩን ድርሻ ለማስታወስ እንሞክራለን።

ስሙና ዘመዶቹ

በግዕዝ ነምር፣ በአማርኛ ነብር፣ በዕብራይስጥ ነሜር፣ በዓረብኛ ኒምር ይባላል። አራቱም ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ነብር» ሲሉ የልጅ ልጃቸው «ነሜር» ብሎ ቢመልስ ሁለቱም ያንኑ ጥንታዊ ቃል ይናገራሉ። ይሁንና ልጆቻችን ነብርን ከአቦሸማኔ ጋር ሲያምታቱ ይሰማል። አቦሸማኔ በዕብራይስጥ ባርደላስ የሚባለው፣ በሜዳ ላይ በሩጫ የሚያድነው ቀጭን እንስሳ ነው። ገሰላ የምንለው ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ሰው ሌላ አውሬ ይመስለዋል እንጂ ያው ነብር ነው፤ በብርሃን ሲታይ ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ጠጉር ሥር ይለያል።

ነቢዩ ኤርምያስ የኩሻዊውን ቆዳና የነብሩን ዝንጉርጉርነት የማይለወጥ ነገር ምሳሌ አድርጎ በአንድነት አንስቷቸዋል። የዛሬ ተመራማሪዎችም በዚሁ ዝንጉርጉርነት ይጠቀማሉ። የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለሚለይ፣ በዱር በተተከለ ካሜራ የተነሳውን ነብር እንደ ሰው የጣት አሻራ ለይተው ያውቁታል።

ጠባዩ

አንበሳ ከመንጋው ጋር ሲኖር ነብር ብቸኛ ነው። ወንዱ ሰፊ ግዛት ይይዛል፤ በዛፍ ላይ በጥፍሩና በሽንቱ ምልክት ይተዋል፤ ድምፁም እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማውን ይመስላል። ሴቲቱ ሦስት ወር ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ዓመት ከመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ከእናታቸው አይለዩም። ነብር ረጅም ርቀት አያሳድድም። አድብቶና ተጎትቶ ከቀረበ በኋላ ይዘላል፤ ጉሮሮ ይዞም ያንቃል። የገደለውን ጅብ እንዳይቀማው ከዛፍ ላይ ይሰቅለዋል፤ በማግስቱም ሌሊት ሊበላው ይመለሳል።

አዳኝ ሁሉ የሚጠቀመው በዚህ የመመለስ ልማዱ ነው። የአገራችን ገበሬ ፍየሉ በተበላችበት ቦታ ወጥመድ ያጠምዳል ወይም ጉድጓድ ይቆፍራል። የሳፋሪ አዳኝም ሥጋ ከዛፍ አስሮ፣ በቅጠል ከተሸፈነ መደበቂያ ውስጥ ጠመንጃውን ደግኖ ይጠብቃል። መሣሪያው ይለያይ እንጂ ሁለቱም የሚተማመኑት በአንድ እውቀት ነው። ከሁሉ የሚከፋው የቆሰለ ነብር ነው። ሩቅ ሳይሸሽ ሣር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሚከተለው ሰው ሲቀርብም ድንገት ይወጣበታል። «ነብር አየኝ በል» የሚለው ማስፈራሪያ ከዚህ ጠባዩ ጋር የሚስማማ ነው።

ለምድ የለበሰውና ጦሩን የሠራው

በቀድሞው ዘመን የነብር ቆዳ ለምድ የጀግንነትና የሹመት ምልክት ነበር። አንበሳ የገደለ የጎፈሩን ጌጥ ያደርጋል፤ ግዳይ የጣለ ሁሉ በአደባባይ ይፎክራል፤ የአዝማሪም ሙገሳ ያገኛል። የጦሩ ጫፍ ግን ከየት መጣ? በጎንደር አካባቢ በብዙ መንደሮች ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውንና ጦሩን የሚቀጠቅጡት የቤተ እስራኤል ባለእጆች ነበሩ። አዳኙ በዚያ ብረት ግዳይ ጥሎ ሲከበር፣ ብረቱን የሠራው ሰው «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እየተባለ ይታማና ይፈራ ነበር። ይህ ሐሜት ስንቱን እንዳስደበደበና ከመንደሩ እንዳስወጣ አባቶቻችንና እናቶቻችን አይረሱትም። ስለዚህ የአደን ታሪክ ሲጻፍ የለምድ ለባሹ ስም ብቻውን ቢቀመጥ ታሪኩ ግማሽ ነው።

ኦሪትም በዚህ ጉዳይ የራሷ ቃል አላት። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት በመዳፉ የሚሄድ አውሬ ርኩስ ሲሆን በድኑን የነካ ሰው እስከ ማታ ርኩስ ይሆናል። የመንጻትን ሥርዓት አጥብቆ ለሚጠብቅ ሕዝብ ነብር መግደል መንጋን ለማዳን የሚደረግ ነገር ነበር፤ ከዚያም ልብስን ማጠብና የፀሐይን መጥለቅ መጠበቅ ይከተላል።

ከፋሽን እስከ ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የነብር ቆዳ ካፖርት ፋሽን ሆነ። የአንድ ካፖርት ሥራ ብዙ ነብሮችን ስለሚፈጅ በምሥራቅ አፍሪካ ግድያው በረታ። እ.ኤ.አ. በ1975 በሥራ ላይ የዋለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአጭሩ ሳይቲስ፣ ነብርን ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ አስገባ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ፈቃድ ያለው አደን ጨርሶ ባይከለከልም፣ ቆዳውን እንደ ልብ ከአገር አውጥቶ መሸጥ ቀረ። ነብር ዛሬም በሰሜን ተራሮችና በሌሎች ደኖች ይኖራል።

በአዲሱ አገራችን

ከክርያት ያም በስተደቡብ በምናየው በካርሜል ተራራ ነብር ይኖር እንደነበር በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። እስራኤል የዱር እንስሳትን ጥበቃ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1965 በሊባኖስ ድንበር አጠገብ በሃኒታ አካባቢ አንድ ነብር በእረኛ እጅ ተገደለ፤ በገሊላ ከታዩት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። በይሁዳ በረሃ በዔን ጌዲ የነበሩትን ደግሞ ተመራማሪው ጊዮራ ኢላኒ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተከታትሎ አጥንቷቸዋል። እነዚህ የበረሃ ነብሮች ከኢትዮጵያው ያነሱ ነበሩ፤ ወንዱ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋልያና ሽኮኮ የሚመስሉ የበረሃ እንስሳትን ያድኑ ነበር፤ አንዳንዶቹም እንደ አገር ቤቱ ነብር ከሰፈር ውሻና ድመት መንጠቅ ለመዱ።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኔጌቭ በስዴ ቦከር አንድ የደከመ ነብር ድመት ሲያሳድድ ሰው መኝታ ቤት ገባ። ባለቤቱ አንገቱን ይዞ የተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞች እስኪደርሱ አልለቀቀውም። የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የሚለው የአባቶች ተረት በበረሃው ቤት ተፈጸመ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ነብር ከዚህ አገር እንደጠፋ ይቆጠራል። ሕጉ ነበረ፤ ግን የቀሩት ነብሮች ጥቂት ስለነበሩ ዘራቸውን ሊተኩ አልቻሉም።

ውድ አንባቢያን፣ እውቀትም እንዲሁ ነው፤ የሚያውቁት ጥቂት ሲሆኑ ይጠፋል። ነብር በየትኛው ገደል እንደሚያልፍ፣ ውሻ ሲጮህ በጩኸቱ ነብር ይሁን ጅብ እንዴት እንደሚለይ፣ ወጥመዱ እንዴት እንደሚጠመድ፣ ጦሩ በምን ዓይነት እሳት እንደሚሞቅ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ልጆች ሆይ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በአማርኛም ሆነ በትግርኛ በራሳቸው አነጋገር ቅዱ፤ የመንደሩን ስም አትርሱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዕብራይስጥ መልሱት። ተመራማሪዎችም ገዳዩን ብቻ ሳይሆን እረኛውንና ቀጥቃጩን እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።