የዴስክቶፕ ፕሮግራምን ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አሽጎ ማዘጋጀት፤ ምንነቱና አሠራሩ

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተሠርቶ በዚያው ላይ ያለችግር የሚያገለግል ፕሮግራም ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ሲወሰድ አልከፈት ማለቱ የተለመደ ክስተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፕሮግራሙ የራሱ ጉድለት ሳይሆን፣ የሚገለገልባቸው ሌሎች ፋይሎች አብረውት አለመሄዳቸው ነው። እነዚህን ፋይሎች ከፕሮግራሙ ጋር አሰባስቦ በሌሎች ተመሳሳይ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠራ አድርጎ የማዘጋጀቱ ተግባር ፕሮግራምን ማሸግ ይባላል።

ተግባሩ የሚከናወነው በሶፍትዌር ባለሙያ ቢሆንም፣ ጉዳዩ ለባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። ፕሮግራሙን አዝዞ ክፍያ የሚፈጽመውም ሆነ በየቅርንጫፉ ሥራ ላይ የሚያውለው መሥሪያ ቤቱ ነው። በአግባቡ ያልታሸገ ፕሮግራም የተረከበ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር በተለወጠ ወይም ባለሙያ ሥራ በለቀቀ ጊዜ አገልግሎቱ ሊቋረጥበት፣ ከዚያም አልፎ የተመዘገበ መረጃ ሊጠፋበት ይችላል።

ፕሮግራሙ ብቻውን የማይሠራበት ምክንያት

መስኮት፣ ቁልፎችና ዝርዝር ማውጫ ያለው ፕሮግራም በአንድ ባለሙያ ቢጻፍም፣ ባለሙያው ሁሉንም ክፍል ከመነሻው አይጽፍም። መስኮቱን የሚሥለው፣ ጽሑፉን የሚያሳየውና ወደ ማተሚያ የሚልከው ክፍል ቀደም ሲል በሌሎች ተዘጋጅቶ በኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠ ነው። በዚህም መሠረት አንድ ፕሮግራም የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያስኬድ ሶፍትዌር፣ ተጨማሪ የፕሮግራም ስብስቦች፣ ሥዕሎችና ፎንቶች እንዲሁም መረጃ የሚያስቀምጥበት ፋይል ያስፈልጉታል።

ለምሳሌ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገቢያን መውሰድ ይቻላል። ፓይተን በኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ በ1991 ለሕዝብ የቀረበ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ቲኪንተር የተባለ የመስኮት መሥሪያም አብሮት ይገኛል። በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ ፓይተን አስቀድሞ ስለተጫነ መመዝገቢያው ወዲያው ይከፈታል። በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ኮምፒዩተር ላይ ግን ፓይተን ስለሌለ ዊንዶውስ ፋይሉን በምን ፕሮግራም እንደሚከፍተው መልሶ ይጠይቃል። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የተሠሩ ፕሮግራሞችም አንድ የዲ.ኤል.ኤል ፋይል እንደጎደላቸው የሚገልጽ መልእክት አሳይተው የሚዘጉት በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

የማሸግ አሠራርና ሁለቱ ዓይነቶች

በፓይተን ለተጻፉ ፕሮግራሞች በስፋት ከሚያገለግሉት ማሸጊያዎች መካከል ፓይኢንስቶለር አንዱ ነው። ማሸጊያው የፕሮግራሙን ጽሑፍ መርምሮ የተጠሩትን ስብስቦች ይለቅማል፤ ከፓይተን ማስኬጃው ጋርም በአንድነት ያስቀምጣቸዋል። በመሆኑም ተቀባዩ ኮምፒዩተር ፓይተን ባይኖረውም ፕሮግራሙ ይሠራል። ሆኖም ማሸጊያው ሥዕሎችን፣ ፎንቶችንና የመረጃ ፋይሎችን በራሱ ፈልጎ ስለማያገኝ ባለሙያው አንድ በአንድ በስም ሊጠቅስለት ይገባል።

የሚወጣው ጥቅል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሁሉንም በአንድ ፎልደር የሚይዝ ሲሆን ቶሎ ይከፈታል። ጉድለቱ ተጠቃሚው ማስነሻ ፋይሉን ብቻ ነጥሎ ወደ ሌላ ቦታ ከገለበጠው አለመሥራቱ ነው። ስለዚህ በዴስክቶፕ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ፋይሉ ራሱ ሳይሆን ሾርትከቱ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሁሉንም በአንድ ፋይል ጠቅልሎ የሚይዝ በመሆኑ በፍላሽ ለማዘዋወር ይመቻል። ነገር ግን በተከፈተ ቁጥር ይዘቱን በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ስለሚዘረግፍ፣ አቅማቸው ዝቅተኛ በሆኑ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲከፈት ይዘገያል። ፕሮግራሙ ሲዘጋም ይህ ጊዜያዊ ፎልደር ይሰረዛል።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብም ይኸው ነው። ባለሙያው የመዝገቡን ፋይል በጥቅሉ ውስጥ አስገብቶ ፕሮግራሙ እዚያው ላይ እንዲጽፍ ካደረገ፣ ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ የምታስገባቸው ደብዳቤዎች በትክክል ሲመዘገቡ ይታያሉ። ፕሮግራሙ በተዘጋ ጊዜ ግን ከጊዜያዊው ፎልደር ጋር አብረው ይጠፋሉ። ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት ላይታይ ስለሚችል ችግሩ የሚታወቀው በማግስቱ መዝገቡ ሲከፈት ነው። መፍትሔው መረጃው ከጥቅሉ ውጪ፣ ለመረጃ ማኖሪያ በተለየ ፎልደር ወይም በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ይህ አሠራር አዲስ የፕሮግራሙ ዕትም ሲጫን የቀድሞው መረጃ እንዳይነካም ያስችላል።

የአማርኛ ፎንት ጉዳይ

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው 3ኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል አቀማመጥ ይከተሉ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ናያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መምጣቱ ሁኔታውን አሻሽሎታል።

ይሁንና ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም። በዊንዶውስ 10 ናያላ ተፈልጎ የሚጨመር እንጂ በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ በቀጥታ የሚገኝ አይደለም። ፕሮግራሙ የጠራው ፎንት ሲታጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሌላ ይተካዋል። በዚህን ጊዜ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለወጥ በቁልፎች ላይ ያለው ጽሑፍ ይቆረጣል፤ የሚታተመው ቅጽም ከመስመሩ ይወጣል። ፎንቱን በጥቅሉ ውስጥ ማካተትና ፕሮግራሙ ከዚያው እንዲያነብ ማድረግ ይህን ያስቀራል። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በነጻ ፈቃድ የተሰራጩ በመሆናቸው ከፕሮግራም ጋር አብሮ ማሸግ ይፈቀዳል።

ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር መጣጣም

ፓይኢንስቶለር የሚያወጣው ጥቅል የሚሠራው በተሠራበት ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብቻ ነው። በሊኑክስ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ ጥቅል ማውጣት አይቻልም። በተጨማሪም ባለ32 ቢት ፕሮግራም በባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ፣ ባለ64 ቢቱ ግን በባለ32 ቢት ላይ አይሠራም። የፓይተን 3.9 እና ከዚያ በኋላ የወጡ ዕትሞችም በዊንዶውስ 7 ላይ አይሠሩም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ደግሞ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2025 አቋርጧል። ስለሆነም በየቅርንጫፉ የሚገኙት ኮምፒዩተሮች ዓይነት ከሥራው በፊት ተመዝግቦ ለባለሙያው ሊሰጥ ይገባል።

በሌሎች ቋንቋዎች ለተጻፉ ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ መሣሪያዎች አሉ። ጃቫ ከእ.ኤ.አ 2021 ጀምሮ ጄፓኬጅ የተባለውን ማሸጊያ በመደበኛነት ይዟል። በዶት ኔት የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ማስኬጃውን ይዞ ወይም ማስኬጃው በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ እንዲገኝ ጠይቆ ሊዘጋጅ ይችላል።

መጫኛና ዲጂታል ፊርማ

ከታሸገ በኋላ ጥቅሉ መጫኛ ሊዘጋጅለት ይችላል። እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ የሚገኘው ኢኖ ሴትአፕና የዊንዶውስ የራሱ ኤም.ኤስ.አይ የተባለው የመጫኛ ዓይነት ለዚህ ያገለግላሉ። መጫኛው ፋይሎቹን በተገቢው ቦታ ያኖራል፣ ሾርትከት ያዘጋጃል፣ ፕሮግራሙን ማስወገድ ሲፈለግም በሥርዓት ያስወግደዋል።

ዲጂታል ፊርማ የሌለው አዲስ ፕሮግራም ሲከፈት ዊንዶውስ አዘጋጁ እንደማይታወቅ ያስጠነቅቃል። አንዳንድ አንቲቫይረሶችም በአንድ ፋይል የተጠቀለሉ ፕሮግራሞችን በስህተት እንደ ቫይረስ ይቆጥራሉ። በዚህን ጊዜ አንቲቫይረሱ እንዲዘጋ ማዘዝ መሥሪያ ቤቱን ለእውነተኛ አደጋ ያጋልጣል። ተገቢው እርምጃ ፕሮግራሙ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ፋይሉ ተመርምሮ ለአንቲቫይረስ አቅራቢው እንዲላክ ማድረግ ነው።

በርክክብ ወቅት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

ፕሮግራሙ መፈተሽ ያለበት በተሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን ምንም ዓይነት የፕሮግራም መሥሪያ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ፍተሻውም የኢንተርኔት መስመር ተነቅሎ፣ በኃላፊ ሳይሆን በተራ ሠራተኛ የመግቢያ ስም መካሄድ ይኖርበታል። ጥቂት መረጃ ተመዝግቦ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶና ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ መረጃው በቦታው መኖሩ ይረጋገጣል። አንድ የአማርኛ ቅጽም ታትሞ ሊታይ ይገባል።

ከታሸገው ፕሮግራም ጋር መሥሪያ ቤቱ ሊረከባቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። እነዚህም የፕሮግራሙ ዋና ጽሑፍ፣ የዕትም ቁጥሩ፣ የተጠቀመባቸው ስብስቦች ዝርዝር ከነዕትማቸውና ከነፈቃዳቸው እንዲሁም ማሸጉ የተከናወነበት ትእዛዝ በጽሑፍ ናቸው። ይህ ሰነድ በመዝገብ ቤት ከተቀመጠ፣ የመጀመሪያው ባለሙያ በሌለበት ጊዜም ሌላ ባለሙያ ፕሮግራሙን ለአዳዲስ ኮምፒዩተሮች እንደገና አሽጎ ሊያዘጋጀው ይችላል።