ወር ያልሞላው ስም፦ ሳጋሎና «አዲሲቷ ሞስኮ»

በጅቡቲ ከተማ እምብርት ያለው አደባባይ በወረቀት ላይ ስሙ የነጻነት ቀን ነው፤ «የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ» ይባላል። በቀድሞ ስሙ «ምኒልክ ጋ እንገናኝ» የሚል ሰው ግን ዛሬም አይጠፋም። የሰው አፍ የያዘውን ስም ሰነድ በቀላሉ አያስለቅቀውም። ይህን ነገር ሳስብ ዓይኔ ሁልጊዜ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ይሄዳል። ከታጁራ በስተምዕራብ ሳጋሎ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ቦታ አለች። በ1881 ዓ.ም. ጥርና የካቲት፣ ወር ለማይሞላ ጊዜ፣ እንግዶች «አዲሲቷ ሞስኮ» ብለዋት ነበር።

እንግዶቹ ሩሲያውያን ናቸው። መሪያቸው ኒኮላይ አሺኖቭ ራሱን «የነጻ ኮሳኮች አለቃ» ብሎ የሾመ፣ አንደበቱ የሚያሳምን፣ ግን ብዙ ያልተጣራ ነገር የሚያወራ ሰው ነበር። አብረውት የመጡት አባ ፓይሲ ደግሞ መነኩሴ ናቸው፤ የልባቸው መሻት ወደ ኢትዮጵያ ዘልቆ ከኦርቶዶክስ ወንድሞች ጋር መገናኘት ነበር። ከኦዴሳ የተነሱት ከመቶ ሃምሳ በላይ ሰዎች ሲሆኑ መነኮሳት፣ የጦር ልምድ ያላቸው ወንዶች፣ ሴቶችና ሕጻናት ይገኙባቸዋል። እኔ እነዚህን ሰዎች እንደ ወራሪ ጦር ብቻ ማየት አይሆንልኝም። ልጅ ይዞ የሚጓዝ ሰው ለመኖር የመጣ ሰው ነው።

ያረፉት ግብፆች ጥለውት በሄዱት አሮጌ ምሽግ ነው። የግብፁ ገዢ የኬዲቩ ጦር ታጁራንና ሐረርን በያዘበት ዘመን ከተተከሉት አንዱ ነበር። እዚያ ባንዲራ ሰቀሉ፣ በድንኳን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፣ ቦታውንም በአገራቸው የቀድሞ ዋና ከተማ ስም ጠሩት። ችግሩ መሬቱ ባለቤት ያልነበረው አለመሆኑ ነው። የዓፋር ምድር ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ ከታጁራ ሱልጣን ጋር እ.ኤ.አ. በ1884 በተፈራረመችው ውል ግዛቴ ነው ትል ነበር። የፈረንሳይ ገዢው ሌዎንስ ላጋርድ መቀመጫውን ገና ከኦቦክ አላነሳም፤ ጅቡቲም እ.ኤ.አ. በ1888 ከተመሠረተች ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም።

ፈረንሳዮች ባንዲራውን አውርዱ ቢሉ አሺኖቭ አሻፈረኝ አለ። የካቲት 11 ቀን 1881 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1889) የአድሚራል ኦልሪ መርከቦች ምሽጉን በመድፍ ደበደቡት። ከሞቱት መካከል ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። የተረፉት ተይዘው ወደ አገራቸው ተላኩ፤ ዛር አሌክሳንደር ሦስተኛም አሺኖቭን አላውቀውም ብሎ ካደው። አባ ፓይሲ ሊደርሱበት በተመኙት አገር ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ።

«አዲሲቷ ሞስኮ» የሚለው ስም ከመድፉ ጢስ ጋር አብሮ በነነ። ሳጋሎ ግን ዛሬም ሳጋሎ ናት። በዙሪያው ያለው ዓፋር፣ ጨው ነጋዴውና ጀልበኛው በአዲሱ ስም እንዲጠሯት የሚያስገድዳቸው ጉዳይ አልነበረም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1889 ሩቅ አገር አንድ ሌላ የሃይማኖተኞች መንደር ተዘጋ። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ፣ ሰሜን ዩኒየን የሚባል የሼከሮች ማኅበር ነበር። ሼከሮች መሥራቻቸው እናት አን ሊ እ.ኤ.አ. በ1774 ከእንግሊዝ ተሻግረው ወደ አሜሪካ ያመጧቸው ሰዎች ናቸው። ንብረታቸው የጋራ ነው፤ ወንድና ሴት በአንድ ማኅበር ቢኖሩም ጋብቻ የለም። በአምልኮ ጊዜ ሰውነታቸው ስለሚንቀጠቀጥ የውጭ ሰው «ተንቀጥቃጮች» ብሎ አፌዘባቸው፤ ሼከር ማለት ያ ነው። ሰሜን ዩኒየኖች እ.ኤ.አ. ከ1822 ጀምሮ ለ67 ዓመት ወንዝ ገድበው ወፍጮ አስፈጩ፣ አረሱ፣ ከብት አረቡ። ልጅ ስለማይወልዱ ማኅበሩን የሚሞላው ከውጭ የሚገባ ሰውና የሚያሳድጉት የሙት ልጅ ብቻ ነበር፤ የሚመጣው ሲያልቅ የቀሩት አረጋውያን ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሌሎች ማኅበራት ሄዱ።

ለሸለቋቸው ያወጡለት መንፈሳዊ ስም «የእግዚአብሔር ደስታ ሸለቆ» የሚል ነበር። እጅግ ያማረ ስም ነው፤ ግን በከተማ ካርታ ላይ የለም። በኋላ መሬታቸው ላይ የተቆረቆረው ከተማ ሼከር ሃይትስ ተባለ፤ የገደቧቸው ኩሬዎችም የሼከር ሐይቆች ናቸው። ራሳቸው ያወጡት ስም ጠፍቶ ጎረቤት ያፌዘባቸው ስም መሬቱን ወረሰ። ስድሳ ሰባት ዓመት ከጎረቤት ጋር መሸጥና መለወጥ ያን ያህል ሥር ይሰዳል።

እኛም አገር ይህ አለ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ1902 ከግርጌው አዲስ ጣቢያ ተተከለ፤ ስሙም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ። በአንጻሩ አዲስ አበባ ላይ ማንም ተሰብስቦ ሳይሰይመው፣ ፈረንሳዮቹ የባቡር ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉ ሸማ ነጋዴውና ተሸካሚው ለገሃር አለው፤ ለገሃርም ቀረ።

ሩሲያውያን ከዓድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ናቸው፤ የወረዱት በጅቡቲ ወደብ ነው፤ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ አከሙ፣ ሆስፒታልም አቋቋሙ። የዚያ ዘመን አማርኛ ሩሲያዊን ሁሉ ከሞስኮ ስም ወስዶ «መስኮብ» ይለው ነበር። ሳጋሎ ላይ በባንዲራ ያልጸናው ስም በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ደጃፍ፣ ወረፋ በሚጠብቅ በሽተኛ አፍ ላይ ተገኘ።