በመስመር ውስጥ የሚያልፈውን የማየት ታሪክ

የኢንተርኔት ገጽ አልከፈት ሲለን «ኔትወርክ የለም» ብለን መተው ልማዳችን ሆኗል። የጎደለውን ለይቶ ለማወቅ ግን በመስመሩ የሚመላለሰውን መልእክት በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ጥበብ እንዴት እንደ ተስፋፋ ለአንባቢያን በአጭሩ እንገልጻለን።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በአሜሪካ አገር፥ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የሚተላለፈው መልእክት ፍጥነት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ፤ ይኸውም በሰከንድ አምስት የላቲን ፊደል ያህል ማለት ነው። የሁለቱ ቦታዎች ርቀት 400 ያርድ ብቻ ስለ ነበረ፥ ወረቀቱን ይዞ በእግር መሄድ ሳይሻል አይቀርም ነበር!

የላቦራቶሪው ተመራማሪ ቫን ጃኮብሰን ከዩኒቨርሲቲው ከማይክ ካረልስ ጋር ሆኖ ነገሩን መረመረ። ኢንተርኔት መልእክትን የሚያደርሰው ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ነው፤ እያንዳንዱም እንደ ፖስታ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይይዛል። የፓኬቶቹ አካሄድ ሲታይ ሽቦው አልተበጠሰም። «ደረሰኝ» የሚል መልስ የዘገየባቸው ኮምፒዩተሮች ያንኑ ደጋግመው እየላኩ መንገዱን ራሳቸው አጨናንቀውት ኖሯል። ስለዚህ ላኪው በጥቂት እንዲጀምርና መልስ ባገኘ መጠን ብቻ እንዲጨምር ተደረገ።

በ1988 ከዚሁ ላቦራቶሪ ቲሲፒደምፕ የተባለው ፕሮግራም ወጣ፤ የእያንዳንዱን ፓኬት ሰዓትና አድራሻ በየመስመሩ ይጽፋል፤ ዛሬም ይሠራበታል። በ1998 ደግሞ ጄራልድ ኮምስ፥ በገበያ ያሉት መሣሪያዎች ውድ ስለ ሆኑበት፥ ኢተሪያልን ሠርቶ በነጻ ሰጠ። ይኸው በ2006 ዋየርሻርክ ተብሏል።

ይሁን እንጂ መመልከቻው ለጠጋኙም ለሌባውም እኩል ያሳያል። በ2010 ኤሪክ በትለር ያወጣው ፋየርሺፕ፥ በክፍት ዋይፋይ የሌላውን ሰው የመግቢያ ምልክት ቀድቶ በስሙ ፌስቡክ ለመግባት የሚያስችል ነበር። ያደረገው የድርጅቶቹን ቸልተኝነት ለማጋለጥ ነው፤ መሣሪያውን ለማንም ማደሉን ግን እኛ አናመሰግንም።

ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ መልእክት ተመስጥሮ ስለሚጓዝ፥ መስመሩን የሚጠብቅ ሰው አድራሻውን እንጂ ይዘቱን አያነብም። ስለሆነም ገጽ ሠሪዎች የሚመረምሩት በብራውዘሩ ውስጥ ነው። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ኤፍ12 የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ፥ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ከፍቶ፥ ገጹን እንደገና መጥራት ይበቃል፤ ጥያቄው፥ መልሱና የፈጀው ጊዜ በተራ ይታያል። በዚያ 404 የሚል ቁጥር ከወጣ፥ መስመሩ ሠርቷል፤ የተጠየቀው ገጽ ግን በቦታው የለም ማለት ነው።