የምግብ ፋብሪካ ጥገና ተለማማጅነት

የምግብ ፋብሪካ ጥገና ተለማማጅነት አንድ ሠልጣኝ ምግብ በሚያመርት ወይም በሚያቀነባብር ድርጅት ውስጥ፣ ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ጎን እየሠራ የማሽን ጥገና የሚማርበት የሙያ ሥልጠና ነው። የዱቄት፣ የዘይት፣ የወተት፣ የስኳር፣ የቢራና የሩዝ መፈልፈያ ድርጅቶች የዚህ ሙያ ዋና ቦታዎች ናቸው። ሙያው ከሌላው የፋብሪካ ጥገና የሚለየው ሁለት ኃላፊነቶችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው፦ ማሽኑ መሥራት አለበት፤ ከማሽኑ የሚወጣው ምግብም ለሚበላው ሰው ደህና መሆን አለበት። ማሽኑን አስነሥቶ ዱቄት ውስጥ አንድ ብሎን ረስቶ የሄደ ጠጋኝ ሥራውን አልጨረሰም።

ታሪክ

ሙያን ከባለሙያ ጋር አብሮ በመሥራት መማር በዓለም ዙሪያ የቆየ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣ ሕግ አንድ ሰው በሙያው ለመሥራት ቢያንስ 7 ዓመት በተለማማጅነት እንዲያሳልፍ ያዝ ነበር። በጀርመን ሠልጣኙ ጊዜውን በድርጅትና በሙያ ትምህርት ቤት መካከል የሚከፍልበት «ጥምር ሥልጠና» እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ሕግ ጸንቷል። ለዘመናዊ የምግብ ፋብሪካ የሚስማማው የመካትሮኒክስ ሙያ በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1998 ራሱን የቻለ የሥልጠና ዘርፍ ሆነ፤ ሥልጠናውም 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል።

በኢትዮጵያ አንጥረኛ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሙያቸውን ለልጆቻቸው ያስተላልፉ የነበረው በቤት ውስጥ ነው። በውጭ ባለሙያዎች መሪነት ወጣቶችን በብረት ሥራ ለማሠልጠን ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚርቀው በጋፋት ተካሂዷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ሚስዮናውያንንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን እንዲያስተምሩ አዘዙ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚህ ጥረት ውጤት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ ግን አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ የጋፋት ሥራም አልቀጠለም። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም በጋፋት ስም ይጠራል።

ለፋብሪካ ቴክኒሻኖች የሚሆን መደበኛ ሥልጠና በአካባቢው የተጀመረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በእርሻ መካኒክስ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በኤሌክትሪክና በብረታ ብረት ሥራ ያሠለጥን ነበር። ተቋሙ በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ከሆኑት ሁለት ተቋማት አንዱ ሆኗል።

የሥልጠናው አሠራር በኢትዮጵያ

በአሁኑ ጊዜ ሥልጠናው የሚሰጠው በዋናነት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኩል ነው። ዘርፉ በአዋጅ ቁጥር 954/2008 የሚመራ ሲሆን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው። ሥልጠናው በሙያ ደረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። የሙያ ደረጃ ማለት አንድ ባለሙያ በሥራ ቦታ ምን ምን መሥራት መቻል እንዳለበት የሚዘረዝር ሰነድ ሲሆን፣ ሠልጣኞች በደረጃ ተከፋፍለው ከታችኛው ወደ ላይኛው ያድጋሉ።

ኮሌጁና ድርጅቱ ሥልጠናውን የሚካፈሉበት አሠራር የትብብር ሥልጠና ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ክፍፍል 70 በመቶው የተግባር ሥልጠና በድርጅት፣ 30 በመቶው ደግሞ በኮሌጅ እንዲሆን ነው። ሠልጣኙ በድርጅቱ የሠራውን ሥራ በመዝገብ ይይዛል፤ የድርጅቱ አሠልጣኝና የኮሌጁ መምህርም ይፈርሙበታል። በመጨረሻ ሠልጣኙ ካሠለጠነው ኮሌጅ ውጭ በሆነ አካል በተግባርና በንድፈ ሐሳብ ይመዘናል። ይህ የብቃት ምዘና በተለምዶ «ሲ.ኦ.ሲ.» ይባላል።

ድርጅቶች በቀጥታ ተለማማጅ ሊይዙም ይችላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ዓይነቱ ውል ድንጋጌ አለው። ውሉ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን የሥልጠናውን ዓይነትና ርዝመት፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ክፍያና የሥራውን ሁኔታ መግለጽ አለበት። በዚሁ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠሩ አይችሉም። ብዙ ፋብሪካዎች በፈረቃ ሌሊቱን ስለሚሠሩ ይህ ክልከላ ለወጣት ተለማማጆች አስፈላጊ ነው።

ሠልጣኙ የሚማራቸው ነገሮች

መካኒክ። ሠልጣኙ ኩሽኔታ መቀየር፣ ቺንጋ መወጠር፣ ዘንግ ማስተካከል፣ ፓምፕ መፍታትና መግጠም፣ ብየዳና የቶርኖ ሥራ ይማራል። ቀላል ስሌትም ያስፈልገዋል። ለምሳሌ በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር ሞተር 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፑሊ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፑሊ ቢያዞር፣ ሁለተኛው በደቂቃ 580 ጊዜ ይዞራል (1,450 × 100 ÷ 250)። በተበላሸ ፑሊ ፋንታ በመጠን የሚለይ ሌላ ከተገጠመ ማሽኑ ከተሠራለት ፍጥነት ውጭ ይሠራል።

ኤሌክትሪክ። አብዛኛው የፋብሪካ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ ደግሞ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ላይ ተጭኖ ይግላል፤ መከላከያው ካላቆመው ይቃጠላል። ስለዚህ መከላከያው በተደጋጋሚ ሲያጠፋ ማለፍ ወይም በቀጥታ ማገናኘት ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ የሙያው መሠረታዊ ሥርዓት ነው።

የመከላከያ ጥገና። ማሽን እስኪሰበር መጠበቅና ከመሰበሩ በፊት መንከባከብ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ናቸው። በሁለተኛው አሠራር ሠልጣኙ በየቀኑ፣ በየሳምንቱና በየወሩ የሚታዩትን ነገሮች በዝርዝር ይከታተላል፦ የድምፅ መለወጥ፣ ሙቀት፣ ንዝረት፣ የዘይት ማንጠባጠብ። ከልክ ያለፈ ግራሶም ጉዳት አለው፤ ኩሽኔታው ውስጥ ሲበዛ ሙቀት ይፈጥራል።

የምግብ ንጽሕና። ከምግብ ጋር ሊነካካ በሚችል ቦታ ላይ የሚቀባው ቅባት ለዚሁ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ በዓለም አቀፍ ምደባ ይህ ዓይነቱ «ኤች 1» ይባላል። ምግብ የሚያልፍባቸው ክፍሎች በአብዛኛው ከማይዝግ ብረት ይሠራሉ። ቁጥር 316 የተባለው ዓይነት ሞሊብዲነም ስላለበት ከቁጥር 304 ይልቅ ጨውን ይቋቋማል። ብየዳውም ቀዳዳና ስንጥቅ የሌለው፣ ለስላሳ መሆን ይኖርበታል፤ በስንጥቅ ውስጥ የቀረ ወተት ወይም ሊጥ የተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል። ጠጋኙ መሣሪያዎቹንና የፈታቸውን ብሎኖች ከሥራው በፊትና በኋላ ይቆጥራል። በብዙ የምግብ ፋብሪካዎች የቁስል ፕላስተር ሰማያዊ የሚሆነውም ሰማያዊ ምግብ ብርቅ ስለሆነና ወድቆ ቢገኝ ቶሎ ስለሚታይ ነው።

ምሳሌ፦ የሩዝ መፈልፈያ በፎገራ

በደቡብ ጎንደር ዞን ለዚህ ሙያ ቅርብ የሆነው ሥራ የሩዝ መፈልፈል ነው። በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ሩዝ መዘራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም በማስፋፋቱ ተሳትፈዋል። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ በአካባቢው የታወቀ ሲሆን፣ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በወረታ ነው።

ባለ ላስቲክ ሲሊንደር መፈልፈያ ማሽን በተቃራኒ አቅጣጫና በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ሲሊንደሮች አሉት። የፍጥነታቸው ልዩነት የሩዙን ቅርፊት ይልጠዋል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ብዙ ፍሬ ሳይፈለፈል ያልፋል፤ ሲጠብ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ ላስቲኩም ቶሎ ያልቃል። የተሰባበረ ሩዝ ከሙሉው በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚሸጥ የክፍተቱ ልክ በቀጥታ የገበሬውን ገቢ ይነካል። ፍሬው ከመጠን በላይ ከደረቀ ወይም ከረጠበም ይሰባበራል፤ ስለዚህ ጠጋኙ ማሽኑን ከመወንጀሉ በፊት የእህሉን እርጥበት ያያል። ጠጠር መለያው ካልሠራ ጠጠር ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ላስቲኩን ይቆርጣል፤ ወይም አልፎ ሄዶ የበላተኛውን ጥርስ ይሰብራል።

ከፍታና ማሽን

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷ በስተ ምሥራቅ በጉና ተራራ አቅጣጫ ያሉት ገሳይና አካባቢው ደግሞ ድንችና ገብስ የሚመረትባቸው ደጋዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ከፍታ ሠልጣኙ በመማሪያ መጻሕፍት የማያገኛቸው ልዩነቶች ይገጥሙታል።

ውኃ በደብረ ታቦር የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ቴርሞሜትርን በፈላ ውኃ የሚፈትን ሠልጣኝ ይህን ካላወቀ ትክክለኛውን መለኪያ «ተበላሽቷል» ብሎ ያዛባዋል። ስሕተቱ አደገኛ ነው፦ ወተት በፍጥነት ሲታከም ቢያንስ ለ15 ሰከንድ በ72 ዲግሪ መቆየት ስላለበት፣ 9 ዲግሪ ከፍ አድርጎ የሚያነብ መለኪያ ወተቱን በ63 ዲግሪ ያሳልፈዋል። 63 ዲግሪ የሚበቃው ወተቱ 30 ደቂቃ ሲቆይበት ብቻ ነው። መለኪያውን በሚቀልጥ በረዶ መፈተን በከፍታ ለውጥ አይነካም፤ በዚያ ንባቡ በሁሉም ቦታ 0 ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በመደበኛ ደረጃቸው የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን በሚገባ አያቀዘቅዘውም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ አቅም ያለው ሞተር ይመረጣል ወይም ጭነቱ ይቀነሳል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል።

ደህንነት

በጥገና ወቅት ብዙ አደጋ የሚደርሰው ቆሟል የተባለ ማሽን በድንገት ሲነሣ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ቁልፍ ከመያዙ በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይማራል፦

1. ማሽኑ እንደሚቆም ለሚመለከታቸው ሁሉ መንገር።
2. ማሽኑን ማቆምና ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት።
3. ማጥፊያውን በራስ ቁልፍ መቆለፍና ስም የተጻፈበት ምልክት ማንጠልጠል።
4. የቀረውን ኃይል ማስወጣት፤ የታመቀ አየር፣ እንፋሎት፣ የተወጠረ ስፕሪንግ፣ ከፍ ብሎ የቆመ ክብደት።
5. ማሽኑን ለማስነሣት ሞክሮ አለመነሣቱን ማረጋገጥ።

ቁልፉን የሚፈታው የቆለፈው ሰው ራሱ ነው። ሁለት ሰዎች የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ቁልፍ ይደረጋል፤ ተለማማጁም የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል።

ሌላው አደጋ የዱቄት ብናኝ ነው። በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1878 በአንድ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ በደረሰ ፍንዳታ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። በዱቄት ቤት ብናኙ ሳይጸዳና ወፍጮው ሳይቆም መበየድ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙያው ቃላት

በኢትዮጵያ ወርክሾፖች የሚነገሩት ብዙዎቹ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ግራሶ፣ ቶርኖ። የማሽን መመሪያዎች ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ይጻፋሉ፤ የኮሌጅ መማሪያዎችም በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ ሠልጣኙ አንዱን ዕቃ ጠጋኙ በሚጠራበት፣ መመሪያው በሚጽፍበትና መለዋወጫ በሚታዘዝበት ስም ማወቅ ይኖርበታል።

ችግሮች

የትብብር ሥልጠና ዋናው ፈተና ድርጅትና ኮሌጅ የሚፈልጉት ነገር መለያየቱ ነው። ድርጅቱ ምርት እንዳይቋረጥበትና ውድ ማሽን እንዳይበላሽበት ይሰጋል፤ ስለዚህ ሠልጣኙ ሳይነካ እንዲያይ ብቻ ወይም ወለል እንዲጠርግ ሊደረግ ይችላል። በሌላ በኩል በቂ ክትትል ሳይኖር ብቻውን ማሽን ላይ የሚሰማራ ሠልጣኝ ለአደጋ ይጋለጣል። ደጋማ ወረዳዎች ውስጥ ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥቂት በመሆናቸው ሠልጣኞች ብዙውን ጊዜ በወፍጮ ቤትና በአነስተኛ መፈልፈያዎች ይለማመዳሉ፤ ወይም ርቀው ይሄዳሉ። በአማራ ክልል በቡሬ የሚገኘው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና በዚያው ከተማ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ጠጋኝ ከሚያስፈልጋቸው ትልልቅ የምግብ ማምረቻዎች መካከል ናቸው።

የመለዋወጫ እጥረትም የሙያው አካል ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲዘገይ ጠጋኙ በቶርኖ አስቀርጾ ወይም ከሌላ ማሽን ወስዶ ይገጥማል። እዚህ ላይ ሠልጣኙ የሚማረው የመጨረሻው ነገር ምን ሊተካ እንደሚችልና ምን ሊተካ እንደማይችል መለየት ነው፦ ቺንጋ በተመሳሳይ ልክ ሊለወጥ ይችላል፤ የደህንነት መሸፈኛ፣ የሙቀት መለኪያና ምግብ የሚነካ ቅባት ግን በተገኘው ነገር አይተኩም። የተሠራው ጊዜያዊ ጥገና በመዝገብ ካልተጻፈ ቀጣዩ ፈረቃ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ እንደ ተጠገነ አድርጎ ይረከበዋል።