ቅጥያ ችግኝ፦ ሥሩ ከቅል፣ ፍሬው ከሐብሐብ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል ተረቱ። የጃፓንና የኮሪያ ገበሬዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለየቅል የሚበቅሉ ተክሎችን በአንድ ግንድ አገናኙ። ፉዛሪየም የተባለው ከአፈር የሚነሣ በሽታ ሐብሐባቸውን እያጠወለገ ሲፈጅባቸው፣ የሐብሐቡን ለጋ ጫፍ ቆርጠው በሽታውን በሚቋቋሙት በዱባና በቅል ሥር ላይ ቀጠሉት።

ይህ ሥራ ከውጭ በመጣ ስሙ «ግራፍቲንግ» ይባላል። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ማዳቀል» ነው፤ ችግኝ ሻጩም ገዢውም «የተዳቀለ አቮካዶ» ይላሉ። ቃሉ ግን ሁለት ሥራ አደባልቋል። የአንዱን አበባ ብናኝ ለሌላው ሰጥቶ አዲስ ዘር ማግኘትም ማዳቀል ነውና። በግራፍቲንግ ዘር ከዘር አይቀላቀልም፤ የሁለቱ ግንዶች ቁስል ይገጥምና ውሃና ምግብ ይተላለፍበታል። ገመድ ሲያጥር በሌላ ገመድ እንደሚቀጠለው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራውን «መቀጠል»፣ ውጤቱን «ቅጥያ ችግኝ»፣ የታችኛውን ተክል «ሥር ሰጪ»፣ የላይኛውን «ፍሬ ሰጪ» ማለት ነገሩን ይበልጥ ይገልጸዋል።

አሠራሩ የእጅ ጥበብ ይጠይቃል። ከዱባው ችግኝ ሁለት የመጀመሪያ ቅጠሎች መካከል ያለው ለጋ እምቡጥ ይነሣል፤ በቦታው በሾለ ቀርከሃ ቀዳዳ ይበጃል፤ በሰያፍ የተቆረጠው የሐብሐብ ችግኝ እዚያ ይሰካል። ቲማቲም ሲሆን ሁለቱም ግንዶች በሰያፍ ተቆርጠው ይገጠሙና በትንሽ መቆንጠጫ ይያዛሉ። ከዚያ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ሞቅ ባለ፣ እርጥበት በሞላበትና ብርሃኑ በቀነሰ ቦታ ይቆያሉ።

ታዲያ የሚበላው የላይኛው ከሆነ፣ ሥሩ የፍሬውን ጥራት ይነካል?

በእርግጥ ይነካል። ሥር ከአፈር የሳበውን ብቻ ሳይሆን ራሱ የሠራውንም ወደ ላይ ይልካል። ትምባሆ ኒኮቲኑን የሚሠራው በሥሩ ነው፤ ቲማቲም በትምባሆ ሥር ላይ ሲቀጠል ቅጠሉ ኒኮቲን ይይዛል። የቲማቲም ዘመድ የሆነው አስተናግርም መርዙን በሥሩ ያመርታል። በእሱ ላይ የተቀጠለ ቲማቲም መልኩ ያው ቲማቲም ነው፤ መርዙ ግን ወደ ፍሬው ስለሚደርስ የበላውን ሰው ያሳምማል።

የጃፓን ኪያር ደግሞ ሌላ ገጽ ያሳያል። በኪያር ልጣጭ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ ከሲሊካ የሚመጣ ነው። ሸማቾች ግን የፀረ ተባይ ቅሪት እየመሰላቸው ይሸሹት ነበር። ሲሊካን እምብዛም የማይስብ የዱባ ሥር ሲገኝ ልጣጩ የሚያብረቀርቅ ኪያር ገበያውን ያዘ። ይሁንና ያው ሥር ተክሉን በቅጠል ላይ ለሚወጣው አመዳይ መሰል በሽታ ይበልጥ አጋለጠው።

በሐብሐብም ትርፍና ኪሳራው አብረው ይመጣሉ። ብርቱ የዱባ ሥር ብዙ ውሃና ማዕድን ስለሚስብ ፍሬው ሊተልቅ፣ ሥጋውም ሊጠነክር ይችላል፤ ተቆራርጦ ለሚሸጥ ሐብሐብ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሥሩና ፍሬ ሰጪው ካልተስማሙ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ መብሰያውም ሊዘገይ ስለሚችል በለመደው ቀን የቀጠፈ ገበሬ ለዛ ቢስ ፍሬ ይገጥመዋል።

ከአፈር የሚነሣ በሽታን ለማጥፋት ያገለግል የነበረው የአፈር ማጠኛ ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከእርሻ እንዲወጣ ሲደረግ፣ ቅጥያ ችግኝ በሜዲትራኒያን አገሮች በፍጥነት ተስፋፋ። በታይዋን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የአትክልት ማዕከልም ቲማቲምን በደበርጃን ሥር ላይ መቀጠልን ሲያስተምር ቆይቷል፤ የደበርጃን ሥር ውሃ የተኛበትን ማሳና ባክቴሪያ የሚያመጣውን መጠውለግ ይቋቋማል።

እንግዲህ ቅጥያ ችግኝ የሚገዛ ገበሬ የላይኛውን ዝርያ ስም ብቻ ጠይቆ አይመለስ። ሥር ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ከፍሬ ሰጪው ጋር መስማማቱ መፈተኑንና መቅጠፊያው መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። ሲተክልም የተቀጠለበትን ቦታ አፈር አያልብሰው፤ ከተቀበረ ፍሬ ሰጪው የራሱን ሥር ያወጣና የሸሸው በሽታ በዚያው ይመለሳል።