የእባብ ማደሪያ አሠራር አጭር ታሪክ

ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ነዋሪውን ጠይቆ መረዳት ይችላል። ነዋሪው ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ብርዱ ይናገራል፤ ካልተስማማውም ይከሳል። ነዋሪው ከእንቁላል ከወጣ ጥቂት ቀናት የሆነው ግልገል እባብ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እባብ አይጮኽም፤ ፊቱም አይለወጥም። ማደሪያው ያልተስማማው እንደሆነ መብላቱን ይተዋል፤ ከዚያም ይሞታል። እባብን በሣጥን አኑሮ በሕይወት ማቈየት ከመቶ ዓመት በላይ ሙከራ የጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ለተሳቢ እንስሳት ብቻ ተብሎ የተዘጋጀውና ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው ቤት በ1849 በለንደን መካነ እንስሳት ተከፈተ። ዘመኑ የመስታወት ዘመን ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በመስታወት ላይ ጥሎት የነበረውን ቀረጥ በ1845 በማንሣቱ ሰፋፊ መስታወት በርካሽ ይገኝ ጀመር፤ በ1851ም ክሪስታል ፓላስ የተባለው ታላቅ የመስታወት አዳራሽ በዚያው ከተማ ቆመ። ተመልካች መርዘኛውን እባብ በክንድ ርቀት ያለ ስጋት ለማየት የበቃው በዚሁ መስታወት ነው። ስለ እባቡ ምቾት የነበረው ዕውቀት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ከሞቃት አገር የመጣ ፍጡር ሙቀት ይሻል ተብሎ ታመነ፤ እንዲጠቀለልበትም ብርድ ልብስ ይሰጠው ነበር። ከነዚያ እባቦች አንዱ፣ ቦአ የተባለው ዓይነት፣ የተሰጠውን ብርድ ልብስ ዋጠው፤ ከሳምንታት በኋላም መልሶ ተፋው። ወሬው ያስቃል። ሆኖም ወደ ሣጥን የሚገባ ዕቃ ሁሉ በሠሪው ዐይን ብቻ ሳይሆን በእባቡም በኩል መታየት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በ1852 ደግሞ የዚያው መካነ እንስሳት አንድ ጠባቂ ኮብራ በእጁ አንሥቶ ሲጫወት አፍንጫው ላይ ተነድፎ ሞተ። ሰውዬው መጠጥ ጠጥቶ ስለ ነበር ጥፋቱ የሣጥኑ ነው ሊባል አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ጠባቂው እባቡን ሳይነካ የሚያጸዳበትንና የሚቀልብበትን በር ማበጀት ከዚያ ወዲህ ለነበሩት ሠሪዎች ችላ የማይባል ጉዳይ ሆነ።

ሥራው እውነተኛ መልክ የያዘው በጆአን ፕሮክተር ጊዜ ነው። ሚስ ፕሮክተር በ1897 በለንደን ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንሽላሊትና እባብ ያሳድጉ ነበር። ጤናቸው ታውኮ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ባይችሉም፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል በጆርጅ ቡላንዤ ሥር ሠልጥነው በ1923 የለንደን መካነ እንስሳት የተሳቢ እንስሳት ክፍል ኀላፊ ሆኑ። ከአርክቴክቱ ከጋይ ዶበር ጋር የነደፉት አዲስ ቤት በ1927 ተከፈተ። የቤቱ ዋና ሐሳብ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ይኸውም አዳራሹን በሙሉ በአንድ ልክ ከማሞቅ ይልቅ ለየሣጥኑ እንደ ነዋሪው ጠባይ የተለያየ ሙቀት በኤሌክትሪክ ማድረስ ነው። ተመልካቹ የሚቆምበት ሥፍራ ጨለም ያለ ሲሆን ሣጥኖቹ ብቻ በርተው ይታያሉ፤ ይህም ዓሣ ከሚታይበት ቤት የተወሰደ ዘዴ ነው። ተራ መስታወት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ለእንስሳቱ በሚጠቅመው መጠን ስለማያሳልፍም ጨረሩን የሚያሳልፍ ልዩ መስታወት ተፈልጎ ተገጠመ። ሙቀትን፣ ብርሃንንና ጨረርን ለየብቻቸው መቈጣጠር የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አድርጎ ማሰብ የመሐንዲስ አስተሳሰብ ነው፤ ያሰቡት ግን የምህንድስና ትምህርት ያልነበራቸው ሴት ናቸው። ሚስ ፕሮክተር ቤቱ ከተከፈተ ከአራት ዓመት በኋላ በ34 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2024 ሌላ አዲስ ቤት ሲከፈት ሕንፃቸው ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ገና አልተፈታም ነበር። ለአንድ ዓይነት እባብ አንድ ተስማሚ የሙቀት መጠን አለ ተብሎ ይታሰብ ነበርና፣ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር በዚያ መጠን መያዝ በቂ ይመስል ነበር። ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በካሊፎርኒያ በረሃ እንሽላሊቶችንና እባቦችን እያጠሩ የአካላቸውን ሙቀት ለክተው ውጤቱን በ1944 አሳተሙ። እንስሳቱ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ በመመላለስ የአካላቸውን ሙቀት በጠባብ ወሰን ውስጥ ራሳቸው ይጠብቃሉ። ጥላ የተከለከለ እንስሳ ግን የበረሃ ተወላጅ ቢሆንም እንኳ በፀሐይ ይሞታል። እንግዲህ እባብ የሚሻው ሙቀትን ብቻ አይደለም፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ጎን ለጎን ተገኝተው ራሱ እንዲመርጥ ነው።

የአገራችን ሰው «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ሲል የሚናገረው ስለ ሰው ተንኰል ቢሆንም፣ እባቡን ያስቀመጠበት ሥፍራ ትክክል ነው። የካብ ድንጋይ ከላይ በፀሐይ ይግላል፤ ወደ ውስጥ በተገባ መጠን ይቀዘቅዛል፤ ስንጥቁም ጠባብ ስለሆነ ጀርባንና ጎንን አጥብቆ ይይዛል። እባብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይታይ የፈለገውን ሙቀት ያገኝበታል። በሣጥን ውስጥ መሠራት ያለበት ይኸው ካብ ነው።

ዛሬ በብዙ አገር በቤት የሚያዘውን፣ መርዝ የሌለውንና ከሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የተገኘውን የበቆሎ እባብ እንውሰድ። ግልገሉ ሲፈለፈል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ የእርሳስ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን አካል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ስለዚህ ለትልቁ የማይከፋ ስሕተት ለግልገሉ ይከፋል። በተለመደው አሠራር የሣጥኑ አንድ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ሌላው ጫፍ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ይሆናል። ጠፍጣፋው ማሞቂያ ከወለሉ ሥር ሢሶውን ያህል ብቻ ይሸፍናል። በሁለቱም ጫፍ መሸሸጊያ ይደረጋል፤ አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠውም መደበቁን ነው። የመጠጥ ውሃ በቀዝቃዛው በኩል ይቀመጣል። ክዳኑ መቈለፊያ ያስፈልገዋል፤ ራሱ ያለፈበትን ቀዳዳ ቀሪው አካሉ ሁሉ ያልፈዋልና።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ቴርሞስታቱ ነው። እባብ ሆዱ ሥር ያለው ነገር ሲያቃጥለው ሁልጊዜ ፈጥኖ አይሸሽም። በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች በገበያ ላይ በወጡ ጊዜ ብዙ እባቦች ቆዳቸው ተቃጥሎ ሐኪም ዘንድ ደርሰዋል። ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት ፈጽሞ መገጠም የለበትም፤ የቴርሞስታቱ መለኪያ ጫፍም ማሞቂያው ላይ መጣበቅ አለበት። ጫፉ ተንሸራትቶ በቀዝቃዛው በኩል ከወደቀ መሣሪያው ገና አልሞቀም ብሎ ኀይል ሲለቅ ያድራል።

ስለ ስፋቱ ክርክሩ አላለቀም። ብዙ አርቢዎች ግልገል በሰፊ ሣጥን ሲገባ ፈርቶ መብላት ያቆማል እያሉ ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ሣጥን ይመርጣሉ። ክሊፎርድ ዋርዊክና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ እባብ ሙሉ ቁመቱን ዘርግቶ የሚተኛበት ስፋት ሊያገኝ ይገባል ሲሉ ተከራክረዋል። ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩት ስለ ተለያየ ነገር ይመስላል። ባዶ ሰፊ ሣጥን ለግልገሉ ሜዳ ነው፤ በሜዳ የተገኘ ግልገል ደግሞ የአሞራ ሲሳይ ይሆናል። ቅርፊት፣ ቅጠልና ጠባብ መሸሸጊያ የሞላበት ሰፊ ሣጥን ግን ሜዳ አይደለም። የበቆሎ እባብ ሲያድግ ከ120 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ በጥሩ አያያዝም እስከ ሃያ ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ ለትልቁ ሣጥን የሚሆነው ሥፍራና የኤሌክትሪክ መስመር ከትንሹ ጋር አብሮ ይታቀዳል።